ማታ ግቢው የሚያድር ላንድ ክሩዘር



ከመካከላችሁ መካኒኮች፣ የምህንድስና ተማሪዎች፣ የመስክ ሾፌሮችና የስምሪት ኃላፊዎች እንዳላችሁ ነግረውኛል። ስለዚህ ካምቢዮና ፍሪሲዮን እያልኩ ስቀጥል ተማሪው ይታገሠኝ፤ ኪሎዋት ሰዓት ስል ደግሞ ሾፌሩ እንቅልፍ እንዳይወስደው አደራ።

የዛሬው ጉዳያችን ኮረኮንችና ጭቃ የለመደውን የናፍጣ መኪና ሞተሩን አውርዶ በኤሌክትሪክ ማስኬድ ነው። ይቻላል ወይ? ይቻላል። ከአሥር ዓመት በላይ በተለያየ አገር ሲሠራ የቆየ ነገር ስለሆነ በዚህ ላይ ጊዜ አላባክንም። የሚያከራክረው የትኛው መኪና ይለወጥ የሚለው ነው። የእኔን አቋም ገና ከጅምሩ ልንገራችሁ። ጠዋት ወጥቶ ማታ እዚያው ግቢ የሚያድረው መኪና ይለወጥ፤ ሳምንት ሙሉ ከአንዱ ቆላ ወደ ሌላው የሚሄደው ናፍጣውን ይዞ ይቆይ። መካኒኩን ቅር አይበለውና፣ ይህን የሚወስነው ከጋራዡ ይልቅ የስምሪት መዝገቡ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን መኪና እንያዝ። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 የሚባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ ዛሬም ይመረታል። አካሉ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ከኋላው ባሊስትራ ያለው፣ ብዙ ኤሌክትሮኒክስ የማያውቅ መኪና ነው። ከኮፋኖው ሥር ብዙዎቻችሁ በጨለማ የምትፈቱትና የምትገጥሙት ዋን ኤች ዜድ ሞተር አለ። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ጉልበቱ 96 ኪሎዋት ገደማ፣ ጎማ የመጠምዘዝ ኃይሉ ወይም ቶርኩ 285 ኒውተን ሜትር።

የፒክአፑ ታንክ 130 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሙሉ ታንክ 1,300 መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ በመስክ ሥራ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ነው። የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል፤ ኮፋኖ ላይ እጁን ያሞቀ ረዳት ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሩቡ 325 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። የኤሌክትሪክ መኪና ብክነቱ ጥቂት ቢሆንም አሥር በመቶ እንጨምርለትና 360 ይሁን። ብረት ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ከነሣጥኑና ከነማቀዝቀዣው በኪሎ 140 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሲካፈል 2,600 ኪሎ ይመጣል። የፒክአፑ የመጫን አቅም አንድ ቶን አካባቢ ነው! ከናፍጣ ታንክ እኩል የሚያስኬድ ባትሪ የሚሸከም ላንድ ክሩዘር ገና ከግቢ ሳይወጣ ባሊስትራው ይሰበራል።

ሂሳቡን አሁን ከሌላው ጫፍ እንያዘው። የመኪናው ክብደት ሳይለወጥ ስንት ኪሎ ባትሪ ይሸከማል? ሞተሩ ብቻውን ከ300 ኪሎ በላይ ነው። ሙሉ ታንክ ናፍጣ 110 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ራዲያተሩ፣ ማርሚታው፣ ሞተሪኖውና ሌላው ኮተት ሲደመር 500 ኪሎ ይጠጋል። ከዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሩና ኢንቨርተሩ 100 ያህል ቢወስዱ 400 ኪሎ ለባትሪ ይተርፋል፤ 56 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ጠብታ አሟጦ መጠቀም ባትሪውን ስለሚያስረጀው 48ቱን እንውሰድ። በፒስታ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ከባድ መኪና በኪሎሜትር 350 ዋት ሰዓት ቢበላ ከ130 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል። አሸዋና ጭቃ ከገባ ያነሰ፣ በአስፋልት ቀስ ብሎ ከተነዳ የበለጠ።

130 ኪሎሜትር ለአንዱ ሾፌር ቀልድ ነው። ለሌላው ደግሞ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ይህ ሁለተኛው ሾፌር ያለባቸውን ቦታዎች እንይ።

የመጀመሪያው ከመሬት በታች ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ ላንድ ክሩዘር የማዕድን ሠራተኞችን፣ ጥገና ሰጪዎችንና ቀያሾችን ጉድጓድ ውስጥ የሚያመላልስ መኪና ነው። ቢኤችፒ የተባለው ግዙፍ የማዕድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አውስትራሊያ ኦሊምፒክ ዳም ማዕድኑ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠ ላንድ ክሩዘር ለሙከራ አስገባ። በ2021 ደግሞ ቶዮታ አውስትራሊያ ራሱ ፖርት ሜልበርን ባለው ክፍሉ የለወጠው ነጠላ ጋቢና ላንድ ክሩዘር በምዕራብ አውስትራሊያ የኒኬል ማዕድን ሥራ ላይ እንዲሞከር ከቢኤችፒ ጋር ተስማማ። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ የራሱን መኪና መለወጡን ልብ በሉልኝ።

ኩባንያዎቹን እዚህ ያደረሳቸው የናፍጣ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አስገባው። ጭሱ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን መሄጃ የለውም፤ ከላይ አየር በፋን እየተነፋ መገፋት አለበት። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የማዕድን ደንብ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት የናፍጣ ጉልበት በሰከንድ 0.06 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንዲገባ ያዛል። ዋን ኤች ዜድን በዚህ ደንብ ብናሰላው ለአንድ መኪና በየሰከንዱ ወደ ስድስት ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። አየሩን ወደ ታች የሚገፋው ፋን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ሒሳቡም በየወሩ ይመጣል። መኪናው ጭስ ካልተፋ ይህ ወጪ ይቀንሳል።

ሌላው ጥቅም ቁልቁለቱ ነው። በአውስትራሊያ የምድር ውስጥ ማዕድን መንገዶች ሰባት ሜትር ሲሄዱ አንድ ሜትር ይወርዳሉ። በዚህ ቁልቁለት ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ መኪና የፍሬን ሸራ ይጨርሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሲወርድ ራሱ ፍሬን ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፤ ያመነጨውንም ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ማታ ማታ ደግሞ መኪናው ሶኬት ካለበት ቦታ ይቆማል።

ሁለተኛው ቦታ የዱር እንስሳት ፓርክ ነው። ቦትስዋና ውስጥ ቾቤ ጌም ሎጅ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጎብኚዎቹን በኤሌክትሪክ ላንድ ሮቨር ያዞራል፤ በወንዙ ላይም በኤሌክትሪክ ጀልባ። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ኦፒበስ በሚል ስም ተቋቁሞ ዛሬ ሮም የሚባለው የናይሮቢ ኩባንያ የሳፋሪ ላንድ ክሩዘሮችን በመለወጥ ከጀመሩት አንዱ ነው። የሳፋሪ መኪና አነዳዱን አስቡት። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ በሰዓት ሃያ ኪሎሜትር እየሄደ ይቆማል፣ ሞተር ያጠፋል፣ ደግሞ ያስነሳል፣ ለምሳ ይመለሳል። ናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለውን ሥራ አይወደውም። ኤሌክትሪክ ግን የተፈጠረለት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ዝምታው አለ። ዝሆን አጠገብ ሲቆሙ ሞተር የማይንቀጠቀጥበት መኪና ጎብኚው የሚከፍልበት ነገር ሆኗል።

ላንድ ሮቨርም እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ ላይ ሰባት የሙከራ ዲፌንደሮችን አሳይቶ ነበር። ሞተራቸው 70 ኪሎዋት፣ ቶርካቸው 330 ኒውተን ሜትር፣ ባትሪያቸው 27 ኪሎዋት ሰዓት፣ የሚሄዱት ርቀት 80 ኪሎሜትር። ለሽያጭ ሳይቀርቡ ቀሩ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ኮርንዎል ውስጥ ኤደን ፕሮጀክት በተባለው የእጽዋት ማሳያ ጎብኚ የጫነ 12 ቶን ተጎታች ስድስት በመቶ ዳገት ላይ ሲጎትት ታይቷል። 70 ኪሎዋት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቶርኩ ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ነው፤ ፍሪሲዮን አቃጥሎ መነሳት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አውስትራሊያዊው የለወጠው ለሳንባው ብሎ ነው፤ ቦትስዋናዊው ለጸጥታው። እኛ ለምን እንለውጣለን? ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ናፍጣው በዶላር ይመጣል፤ ኤሌክትሪኩ በብር ነው፣ አብዛኛውም ከውኃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ውሳኔው የሚመለከተው የሚገባውን መኪና ነው፤ የገባው ላንድ ክሩዘር ግን ከእኛ ጋር ነው። እንደምታውቁት ላንድ ክሩዘር እኛ አገር አይሞትም። ይገለበጣል፣ ይቀባል፣ ሞተር ይለወጥለታል፣ ለልጅ ይወረሳል። እንዲህ ያለ ሻንሲ እያለ አዲስ መኪና በውጭ ምንዛሪ ከመግዛት ነባሩን መለወጥ ቢታሰብ አይገርምም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሲነገር አልሰማም፤ ከፍታ ነው። ዋን ኤች ዜድ ቱርቦ ስለሌለው የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይወርዳል። 96 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛው ሞተር መገናኛ ላይ 76 አካባቢ ነው። ከጎባ ተነስታችሁ ሳነቴ አምባ ስትወጡ ከፍታው 4,000 ሜትር ሲያልፍ አንድ ሦስተኛው ጉልበት የለም። መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ሾፌሩ ፖምፓው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ከአምባው ወርዶ ሮቤ ሲገባ ግን በራሱ ይድናል።

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ፣ ያቺ ትንሽ የከተማ መኪና፣ ሞተሯ 80 ኪሎዋትና 280 ኒውተን ሜትር ነበር። ከዋን ኤች ዜድ 285 ጋር አስተያዩት። አዲስ አበባ ላይ የሊፍ ሞተር ከላንድ ክሩዘሩ ሞተር አያንስም፤ ሳነቴ ላይ ደግሞ ይበልጠዋል። በየአገሩ ያሉ ለዋጮች ከተጋጨ ሊፍ ላይ ሞተር አውርደው የሚገጥሙት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። 80 ኪሎዋቱ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ጉልበት ነው። ረጅም ዳገት ላይ ሞተሩና ኢንቨርተሩ ሲግሉ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ለከተማ መኪና ሳይሆን ለዳገት ታስቦ መሠራት አለበት።

ዳገት ካነሳን አባይ በረሃን ሳንነካ ማለፍ አይቻልም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ያህል እንወርዳለን፤ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል እንወጣለን። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በናፍጣ መኪና ሞተሩ በማርሽ ያልያዘው የፍሬን ሸራ ያግላል፤ ታች ድልድዩ ጋ የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ እሱ ነው። በተለወጠው መኪና ከጎማ ፍትጊያና ከነፋስ የተረፈው ወደ ባትሪ ሲመለስ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል እጃችን ይገባል ብዬ አሰላለሁ። ወደ ደጀን ለመውጣት ወደ 16 ይፈጃል። ቁልቁለቱ የዳገቱን ሲሶ ከፈለ ማለት ነው። በሰዓት አርባ እየሄደ ከወረደ የሚመለሰው ጉልበት በአማካይ ከ20 ኪሎዋት ስለማይበልጥ ባትሪውም አይጨናነቅም።

ወጥመዱ ደግሞ እዚህ ነው። ሾፌሩ ጠንቃቃ ሆኖ ጎሃ ጽዮን ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ቢነሳ፣ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ሞተሩ ፍሬን መሆኑን ያቆማል፤ በናፍጣው ዘመን በማርሽ ይይዝ የነበረው ሞተርም ወርዷል። ሦስት ቶን መኪና በእግር ፍሬን ብቻ አባይ በረሃን ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ ቁልቁለት አፋፍ ላይ የሚሞላ ሰው ሰማንያና ሰማንያ አምስት በመቶ ላይ ይንቀል። ይህ የሾፌር ሥልጠና የመጀመሪያ ትምህርት መሆን አለበት እላለሁ።

አሁን ወደ ጋራዥ እንግባ።

ሞተሩን ማውረድ ግማሽ ቀን ነው፤ ይህን ለእናንተ አላስተምርም። ከዚያ በኋላ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ነባሩን ካምቢዮ ይዞ ኤሌክትሪክ ሞተሩን በማያያዣ ሰሌዳ ከእሱ ጋር ማጋጠም፣ ወይ ካምቢዮውንም አውጥቶ በቀጥታ ከትራንስፈር ኬዙ ጋር ማገናኘት። እኔ ለመጀመሪያ ሥራ ካምቢዮው ይቆይ ባይ ነኝ። ከባዱን ዳገት በትንሽ ማርሽ ሲወጡ ሞተሩ ቀለል ብሎት ይሽከረከራል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ማያያዣው ሰሌዳ በጥሩ ቶርኖ መሠራት አለበት። የሁለቱ ዘንጎች መሃል ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በላይ ከተዛነፈ ኩሽኔታው ወር አይቆይም። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ኋላ ካምቢዮ ይገዛል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ዲናሞው ጀርባ ላይ አለ። በዋን ኤች ዜድ የፍሬን ማገዣውን ቫኪዩም የሚሰጠው ፓምፕ ከዲናሞው ጋር የተገጠመ ነው። ዲናሞው ሲወርድ ፓምፑም ይወርዳል። መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፕ ከነማጠራቀሚያው መገጠም አለበት፤ ቫኪዩም ሲወርድ የሚጮህ ምልክትም እንዲሁ። የመሪ ፓምፑ በሞተሩ የሚዞር ስለሆነ እሱም ምትክ ይፈልጋል። የመስኮት ጉም የሚያጠፋው ሙቅ አየር ከራዲያተር ውኃ ነበር የሚመጣው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ይህን የረሳ ሰው መንገዱን በጨርቅ እየጠረገ ይነዳል።

ባትሪው ግማሹ በሞተሩ ቦታ፣ ግማሹ በናፍጣ ታንኩ ቦታ ቢከፈል የፊትና የኋላ ክብደቱ ይመጣጠናል። ሙሉውን ኋላ ላይ መጫን ቀላል ቢሆንም ዳገት ላይ መሪውን ያቀለዋል፤ ኋላ ባሊስትራውንም ይገድለዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሴሎች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ብቻ መቀመጥ የለባቸውም። ኮረኮንች መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው የባትሪ ማገናኛ ብሎኖች ይላላሉ፤ የላላ ማገናኛ ይግላል፤ የጋለ ማገናኛ እሳት ነው። ሻንሲ ደግሞ ሲጠማዘዝ ሣጥኑን ይዞት ይጠማዘዛል። ስለዚህ ሣጥኑ ከሻንሲው ጋር በጎማ ትራስ፣ በሦስት ነጥብ ቢያዝ ይሻላል።

ውኃስ? ሣጥኑ አይፒ 67 የሚባለውን ደረጃ ያሟላ ቢባል አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢሰጥም አያስገባም ማለት ነው። ይህ ግን በጸጥታ የቆመ ሣጥን ላይ የተለካ ነው። የጋለ ሣጥን ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ይኮማተርና ውኃውን በጋስኬቱ በኩል ይስበዋል። ለዚህ ነው አየር የሚያሳልፍ፣ ውኃ የማያሳልፍ ትንሽ መተንፈሻ የሚደረግለት። ዋጋው ኢምንት ነው፤ የሚረሳውም ለዚያ ይመስለኛል።

ጭቃ ላይ የሾፌሩ ልማድ መለወጥ አለበት። የናፍጣ ሾፌር ጎማው ሲያዝ ነዳጁን ረግጦ ይታገላል። ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይሽከረከር ቶርክ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ጅረቱ በኢንቨርተሩ አንድ ክፍል ላይ ይወድቃል፤ በጥቂት ሰከንድ ይግላል። ከተያዘ መልቀቅ፣ ወደ ኋላ ማለት፣ እንደገና መሞከር ነው። አካፋውም ከመኪናው አይውረድ።

የባትሪውን ዓይነት በተመለከተ ለእንዲህ ያለ ሥራ ብረት ፎስፌቱን እመርጣለሁ። ኒኬልና ኮባልት ካለበት ይልቅ ክብደቱ ቢጨምርም በቶሎ እሳት አይነሳበትም፤ ዕድሜውም ረዘም ይላል። ብርድ ግን አይወድም። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቢሞላ ውስጡ በማይመለስ መንገድ ይጎዳል። ዲንሾ ወይም ደባርቅ የሚያድር መኪና ማለዳ ከመሞላቱ በፊት ባትሪውን የሚያሞቅ ነገር ያስፈልገዋል። አፋር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥላና የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ከሌለ ባትሪው ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ደኅንነቱን በለሆሳስ አልናገርም። ይህ 12 ቮልት አይደለም። 400 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። በእጅ ያለ የብረት ቁልፍ ሁለቱን ጫፍ ቢነካ ቁልፉ ይቀልጣል። ብርቱካናማ ገመድ ያያችሁበት ሁሉ የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ነው፤ ጎማ ጓንት፣ ሽፋን ያለው መሣሪያና ዋናውን ማቋረጫ ነቅሎ መጠበቅ የግድ ነው። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የአንገት ሐብል ጋራዡ በር ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ሕግ የማያስከብር ጋራዥ ሥራውን አይጀምር።

ስለ ዋጋው የምትጠይቁኝ አላችሁ። ብሉምበርግ ኤን ኢ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም አማካይ የባትሪ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር መሆኑን አስታውቋል። በዚያ ሂሳብ የእኛ 56 ኪሎዋት ሰዓት 6,400 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ግን በሺዎች ለሚገዛ ፋብሪካ የሚሆን ዋጋ ነው፤ አንድ ባትሪ የሚገዛ ጋራዥ በዚያ አያገኘውም። የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ መግዛት አንድ መንገድ ነው፤ ከተማችን ውስጥ እነዚህ መኪኖች በበዙ ቁጥር የተጋጩትም ይበዛሉ። ግን እያንዳንዱ ሴል ሳይለካ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ሳይታይ፣ ሻጩ ጥሩ ነው ስላለ ብቻ የሚገዛ ሰው ኪሳራው የራሱ ነው።

ሊብሬው ላይ የሚጻፈውም ነገር አለ። ሞተሩ ሲወርድ የሞተር ቁጥሩ አብሮ ይወርዳል። ፈረንሳይ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ደንብ መልክ አስይዛዋለች። መኪናው ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ እንዲሆን፣ ክብደቱም ከቀድሞው ከሃያ በመቶ በላይ እንዳይለወጥ ታዛለች። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ያለው ደንብ ቁጥር 100 ደግሞ የባትሪና የከፍተኛ ቮልቴጅ ደኅንነትን ይደነግጋል። የቦሎ ምርመራ የሚያደርገው ባለሙያ ጭስ የሌለበትን መኪና በጭስ መለኪያ ሊመዝነው አይችልም፤ የገመዱን ሽፋን፣ የማቋረጫውን ሥራና የሣጥኑን አያያዝ የሚያይበት ዝርዝር ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ከመለወጡ ሥራ በፊት እንጂ ከአደጋ በኋላ ባይጻፍ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ማን አይለወጥ? ከአዲስ አበባ ጎዴ የሚሄደው አይለወጥ። በድርቅ ጊዜ እህልና መድኃኒት ይዞ የት እንደሚያድር የማያውቀው አይለወጥ። ከዋናው መስመር ርቆ ኤሌክትሪኩን በጄኔሬተር የሚያገኝ ካምፕ መኪናም ቢሆን አይለወጥ፤ ናፍጣውን ጄኔሬተር ውስጥ አቃጥሎ፣ ኤሌክትሪኩን በባትሪ አሳልፎ ጎማ ማዞር ናፍጣውን በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ከማቃጠል የተሻለ ትርፍ የለውም። ካምፑ የፀሐይ ኃይል ካለውና መኪናው ቀን የሚቆም ከሆነ ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

ይለወጥ የምለው የፓርክ ጥበቃና የጎብኚ መኪና ነው። የከተማ መብራትና ውኃ ጥገና ፒክአፕ ነው። የእርሻ ልማት፣ የድንጋይ ካባ፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢ መኪና ነው። ገና ሳትወስኑ የስምሪት መዝገባችሁን አውጡ። ለአንድ ወር እያንዳንዱ መኪና በቀን ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ፣ የት እንዳደረ፣ ስንት ኪሎ እንደጫነ ጻፉ። መዝገብ ከሌላችሁ ርካሽ የጂፒኤስ መቅጃ ግጠሙበት። ከዚያ ከሰላሳው ቀን ሃያ ሰባቱን ከመቶ ኪሎሜትር በታች የሄደውን መኪና ምረጡ፤ ለቀሩት ሦስት ቀናት የናፍጣ መኪና ተዋሱ። አብዛኞቻችሁ የምትገምቱት መኪና አይሆንም፤ አለቃው የሚነዳው ጽዱው ሳይሆን ግቢው ጥግ የቆመው ጎስቋላው ነው የሚመረጠው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከመካኒኮቹ እንደሚመጣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልሰው። የወረደው ዋን ኤች ዜድ የት ይሄዳል? ቆሻሻ አይጣል፣ ለብረት ነጋዴም አይሸጥ። ጎዴ የሚሄደው፣ ድርቅ ጊዜ የሚሠራውና ጄኔሬተር ካምፕ ያለው ላንድ ክሩዘር ሁሉ ያንን ሞተር ይፈልጋል። ካምቢዮውን ካወጣችሁ እሱም፣ ፖምፓው፣ ራዲያተሩ፣ ሞተሪኖው ሁሉ ገዢ አለው። ከዚያ የተገኘው ገንዘብ የባትሪውን ዋጋ በከፊል ይሸፍናል። ዋጋውን ከመቁጠራችሁ በፊት ሞተሩ ሲወርድ ዘይቱን አፍስሳችሁ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጨርቅ ደፍናችሁ አስቀምጡት፤ አቧራ የገባበት ሞተር ዋጋው ይወርዳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።